ሲሶው የምን ሲሶ ነበር

ፊደል ለቃሚው ከሰው አፍ ከሚወጣው ነገር ሲሶውን ብቻ ያምናል፣ የቀረውን ሁለት እጅ እስኪያጣራ ድረስ በይደር ያቆየዋል እየተባለ በማተሚያ ቤቱ ይቀለድበት ነበር። «ሲሶ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ግን በጥርጣሬው ብቻ አልነበረም። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ከሳጥን እየለቀመ መስመር በሚደረድርበት ዘመን በቃልና በቃል መካከል መጀመሪያ የሚያስገባት ክፍተት ሁልጊዜ ሲሶ ስለነበረች ነው። ሌሎቹ ለቃሚዎች ሲቸኩሉ እጃቸው ላይ የገባውን ክፍተት ሁሉ ይወትፉ ነበር። እሱ ግን በሲሶ ይጀምራል። መስመሩ ካጠረበት ከሲሶዎቹ ጥቂቶቹን አውጥቶ በግማሽ ይተካል፤ ከረዘመበት ደግሞ በሩብ ይለውጣል። መስመሩ በእጁ በያዛት የብረት መደርደሪያ ውስጥ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ይፈትሸዋል። ካልተነቃነቀና ካልተጨናነቀ፣ አለፈ ማለት ነው።

በእርሳስ ዘመን ባዶ ቦታ ባዶ እንዳልነበረ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ በሁለት ቃላት መካከል ነጭ ሆኖ የሚታየው ሥፍራ ማተሚያው ላይ ቁራጭ እርሳስ ነው። ከፊደሎቹ አጠር ስለሚል ቀለም አይደርሰውም እንጂ እንደ ማንኛውም ፊደል ይጨበጣል፣ ይጠፋል፣ ሰው ካልጠበቀውም ይሰረቃል። ልኩ የሚወሰደው ደግሞ ፊደሉ ከተቀረጸበት የእርሳስ አካል ቁመት ነው። ቁመቱና ወርዱ እኩል የሆነው ቁራጭ «ሙሉ» ይባላል። ሙሉው ለሁለት ሲከፈል ግማሽ፣ ለሦስት ሲከፈል ሲሶ፣ ለአራት ሲከፈል ሩብ ነው። ከሁሉ የቀጠነችው «ጸጉር» ትባላለች፤ እሷን በእጅ ይዞ ማስነጠስ ክልክል ነበር። ለቃሚው እነዚህን ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጫፍ ይለያቸዋል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ብሎ የሚናገረው እሱ ራሱ ስለሆነ ባልደረቦቹም ከዚህ ንግግር ሲሶውን ያምኑለታል።

በዚያ ማተሚያ ቤት ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጥበት የአንድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ቅጽ ነው። የመዝገበ ቃላቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቃል ሲሰበስቡ የኖሩና በሰው ንግግር መካከል ጣልቃ ገብተው «እሱን ቃል እስቲ ድገመው» የሚሉ ሴት። ለቃሚው ያንን ቅጽ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለብቻው ደርድሮታል። ሌላ ለቃሚ ሊያግዘው ሲመጣ፣ የሁለት ሰው እጅ በአንድ ዓምድ ላይ ይታወቃል ብሎ መልሶታል። መጽሐፉ ተጠርዞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ተሰጠው። ሚስቱ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምታወጣቸው ብርጭቆዎች ከተቀመጡበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባው፣ እጁን ሳይታጠብ የሚነካው ሰው እንዳይኖርም አዘዘ።

ሁለተኛው ቅጽ ግን ሳይታተም ቀረ። መምህርቷ አዲስ ቃል ባገኙ ቁጥር ረቂቁን እየፈቱ ከለሱት። እሳቸው ሲከልሱ ዓለም ተለወጠና ማተሚያ ቤቱ እርሳሱን ትቶ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ፊደሉ ሁሉ፣ ክፍተቱም ጭምር፣ በጆንያ ተሞልቶ ሊቀልጥ በመኪና ተጫነ። ለቃሚው በዚያን ዕለት ማንም ጠብቅ ሳይለው በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ከጫኞቹ መካከል አንዱ ኪሱን ሲዳብስ አይቶም «ምን ያዝክ?» ብሎ ጠይቆታል። ሰውየው መሐረብ አወጣ። ለቃሚው መሐረቡን አራግፎ መለሰለት።

ሴት ልጁ በኋላ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ትንሽ ማተሚያ ቤት ከፈተች። ክፍሉ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዟል፤ በመስታወቱ ላይ የተለጠፉ የሠርግ ካርዶች ናሙናም አለው። እሷ ፊደል መሣልና ለኮምፒውተር እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት ተምራለች። ለቃሚው ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከበሩ ጀርባ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ሥራ እየፈለገ አልነበረም፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ለማየት ነው።

መምህርቷ ረቂቁን ጨርሰው፣ በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ወደዚያች ክፍል የገቡት እንግዲህ አባትና ልጅ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ነው። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሆኖም የመጡበትን ነገር ሳያለሳልሱ ተናገሩ። የመጀመሪያው ቅጽ ያልተሸጡ ቅጂዎች ሁለተኛውን እየጠበቁ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተከምረዋል። ሁለቱ ቅጾች አንድ መጽሐፍ ናቸው፤ አንባቢ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ደጅ የወጣ ሊመስለው አይገባም። ስለዚህ ከፊተኛው ቅጽ አንድ ገጽ መርጠው፣ ያንኑ ገጽ በኮምፒውተር እንደገና እንዲደረድሩላቸው ጠየቁ።

«ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አያለሁ» አሉ። «የወረቀቱ ዕድሜ እንዳይመሰክር ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀት ይውጡልኝ። የትኛው የእርሳስ፣ የትኛው የኮምፒውተር እንደሆነ ዐይኔ ከለየ ግን፣ ሁለቱንም ቅጽ ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ የሚሠራልኝ ሌላ ማተሚያ ቤት አለ። ያኔ የፊተኛውን እንዳልነበረ እናደርገዋለን።»

ለቃሚው ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማት አንዲቱን ቃል ነው። እንዳልነበረ። ያ ሁሉ ዓምድ፣ በአውራ ጣቱ እየገፋ ያሳለፈው ያ ሁሉ መስመር፣ ለሱቅ መጠቅለያ ሊሆን ነው። መምህርቷ ከወጡ በኋላ ተነስቶ ወንበሩን ከበሩ ጀርባ አነሳና ከልጁ ጀርባ አስቀመጠው።

ፊደሎቹ አላስቸገሩም። ልጁ ከታተመው መጽሐፍ ላይ አንድ በአንድ አጉልታ አንስታ፣ ቀለሙ ሲጫን ያበጠውን ጠርዝ ሳይቀር እንደነበረ ሣለቻቸው። አባቷ በአጉሊ መነጽር መረመራቸው፣ ሁለት ጊዜ አንገቱን ነቀነቀ፤ እሱ ዘንድ ይህ እልልታ ነው። ጭቅጭቁ የተነሳው በቃላት መካከል ስላለው ባዶ ነው።

ባዶው የት እንደተቀመጠ ጠየቃት። ከታች ያለችውን ረጅሟን ቁልፍ አሳየችው። ቁልፏን ሳይሆን በውስጧ ያለውን እንደጠየቀ ነገራት። እሷም በትዕግሥት አስረዳችው፦ በኮምፒውተርም ቢሆን ሙሉ አለ፤ ይህ ሙሉ በሺህ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከሺሁ ምን ያህሉን ወርድ እንደሚይዝ በቁጥር ይጻፍለታል፤ ባዶውም ቀለም የሌለው ፊደል ነውና ልክ እንደ ሌሎቹ ቁጥር ይሰጠዋል።

«ቁጥሩን የሚሰጠው ማን ነው?» አለ።

«ፊደሉን የሚሥለው ሰው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«አሁን እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አንቺን ማን ፈቀደልሽ?»

ልጁ ፈገግ ብላ ወደ ማሳያው ዞረች። እሱም በሺህ የተቆራረጠ ነገር ሲቆረጥ የሚበንነው ብናኝ የት እንደሚገባ ጠየቃት፤ ነገሩንም በልቡ ያዘው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ልጁ በራሷ መንገድ ሠራችው። ከታተመው ገጽ ላይ በቃላት መካከል ያለውን ነጭ ከቀለም እስከ ቀለም ለካች፤ ብዙ ቦታ ለካችና አማካዩን ወሰደች፤ ከሺህ አራት መቶ ሰማንያ መጣላት። ገጹ ሲወጣ ወንፊት መሰለ። መስመሮቹ ቶሎ እየሞሉ የመጨረሻ ቃላቸውን ወደ ታች ይጥላሉ፤ በእርሳሱ ገጽ በአንድ ዓምድ ያለቀው ጽሑፍ በአዲሱ ወደሚቀጥለው ዓምድ ፈሰሰ። ለቃሚው ገጹን ከዐይኑ አርቆ ያዘውና ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲስቅ ይመስላል አለ።

ስህተቷንም ወዲያው ነገራት። እያንዳንዱ የእርሳስ ፊደል በግራና በቀኙ ቀለም የማይነካት ትንሽ ትከሻ አለችው፤ ከቀለም እስከ ቀለም የሚለካ ሰው የሁለቱን ጎረቤቶች ትከሻ ከክፍተቱ ጋር ደምሮ ይለካል። በዚያ ላይ መስመር ለመሙላት የገቡትን ሩቦችና ግማሾች ከሲሶዎቹ ጋር ቀላቅላ አማካይ አወጣች፤ አማካዩ ደግሞ ማንም አስገብቶት የማያውቅ ክፍተት ነው። ልጁ ይህን ስትሰማ አልተከፋችም። እንደውም በጣም ደስ ብሏት፣ እንግዲያው ልኩን አንተ ንገረኝ አለችው።

«ፊደሉ ባለ አስር ነጥብ ነው። ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሁላችንም አስሩ ነበር የምንለው። ክፍተቱ ሲሶ ነው። ሺሁን ለሦስት ክፈይው፤ አለቀ።»

ነጥብ ማለት አታሚዎች የፊደል ቁመት የሚለኩባት ትንሽ መለኪያ ነች። ልጁ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ብላ ጻፈች። ገጹ ወጣ።

በዚህኛው ቃላቱ ሰው እንደሞላበት ታክሲ ተጠጋግተው ተቀመጡ። መስመሮቹ ከታች ያለውን ቃል ወደ ላይ ይጎትታሉ፤ ዓምዱ ሳይሞላ አለቀ፤ ገጹ በጠቅላላው ጠቆረ። ለቃሚው አገላብጦ አየው። ከዚያ ቀለሙን ወቀሰ። ቀለሙ ሲጣራ ንጹሕ ሆነ። ወረቀቱን ወቀሰ። ወረቀቱ ተቀየረ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንዲበራ አደረገ፤ በራ፣ ያንኑ ገጽ አወጣ። ልጁ እስከዚያ ታግሳ ቆይታ በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ሲሶው ይጠብባል» አለችው።

በሕይወቱ ሲሶው ላይ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ኮቱን አነሳና ወደ ቤቱ ሄደ። መምህርቷ በሳምንቱ መጨረሻ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

በበነጋው ምሳ ሰዓት ላይ የሚስቱ ወንድም ሊጠይቃቸው መጣ። ይህ ሰው በዚያው በድሮው ማተሚያ ቤት አታሚ ነበር፤ ለቃሚው የደረደረውን ገጽ በብረት ክፈፍ አስሮ ማተሚያው ላይ የሚጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሳቁም እንደ ሆዱ የሰፋ። ሁለቱ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የተጨቃጨቁት በአንድ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ማተሚያው በመታ ቁጥር ክፍተቷ ከመስመሩ ውስጥ ቀስ በቀስ ሽቅብ ትነሳለች። ከፊደሎቹ እኩል የሆነች ዕለት ቀለም ትቀባና፣ ነጭ መሆን በነበረበት ቦታ ጥቁር ግንድ ይታተማል። ለቃሚዎች አታሚው ክፈፉን አላጠበቀም ይላሉ። አታሚዎች ለቃሚው መስመሩን አላልቶ ደርድሯል ይላሉ። ይህን ነገር የሚዳኝ ሰው አልተገኘም።

አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሲበሉ አይቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። ልጅቱ ነገረችው። ሰውየው ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ ሳቀ።

«ዕድሜህን ሙሉ ባዶ ስትደረድር ኖረህ አሁን ባዶ ጠፋህ?»

ለቃሚው ይህን ጉዳይ የማያውቅ ሰው ዝም ቢል እንደሚሻለው ተናገረ።

«እንዴት አላውቀውም? ያንተ ባዶ እኮ አርፎ የሚቀመጥ አልነበረም። እየዘለለ ወጥቶ ፊርማውን ያኖር ነበር።»

«በእኔ ገጽ ላይ ክፍተት ተነስቶ አያውቅም።»

«አያውቅም?» አታሚው ወደ እህቱ ዞረ። «እስቲ ያንን የማይነካ መጽሐፍ አውጪልኝ።»

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።

ታጠበ። መጽሐፉ ከብርጭቆዎቹ ጎን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። አታሚው በወፍራም ጣቱ ገጽ እየገለጠ፣ እዚህ ጋ መሰለኝ፣ አይደለም፣ ወደዚያ ነው እያለ ሄደ። ለቃሚው ክንዱን አጣምሮ ጣሪያውን ያያል። በመጽሐፉ መሐል ላይ ሲደርስ አታሚው ጣቱን አቆመ። በቀኙ ዓምድ በሁለት ቃላት መካከል፣ እንደ ተዘጋ በር ያለ፣ ጠባብ ጥቁር ግንድ ቆሟል።

«አላጠበቅከውም» አለ ለቃሚው ወዲያው።

«አላልተኸዋል» አለ አታሚው፣ እሱም ወዲያው።

ምናልባት ምሳው እንደ ወትሮው በዚህ ያልቅ ነበር። ልጅቱ ግን ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ፊደል ስትሥል የኖረች ልጅ ብትሆንም የእርሳስ ክፍተት በዐይኗ አይታ አታውቅም፤ ሲነሳ መልኩ ምን እንደሚመስልም ማንም አሳይቷት አያውቅም። ይህ ግንድ የክፍተቷ ሙሉ አናት ታትሞ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አታሚው እንደዚያ እንደሆነ ነገራት። እንግዲያው ወርዷ ያለ ትከሻ፣ ያለ ጎረቤት፣ እንደተፈጠረች ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው ወይ አለች። አታሚው ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስቦት አያውቅም።

ለቃሚው ክንዱን ፈታ። መጽሐፉን ወደራሱ ስቦ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። መጀመሪያ ግንዱ የእሱ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነገር እየፈለገ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን ሳያነሳ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ይረዝማል» አለ።

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ጥቁሩ ግንድ በግራና በቀኙ ካሉት ፊደሎች ይረዝም ነበር፤ ከረጅሙ ፊደል አናት በላይ ወጥቶ፣ ዝቅ ከሚለው ፊደል እግር በታች ይደርሳል። ፊደሉ አስር ከሆነ ክፍተቷ ለምን ከአስር በለጠች? ልጅቱ በገጹ ላይ ከመስመር እስከ መስመር ያለውን ርቀት በማስመሪያዋ ለካች፤ ከዚያ የግንዱን ቁመት ለካች። እኩል ናቸው። አስራ ሁለት ነጥብ።

ለቃሚው መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ፊቱ ላይ የታየውን ነገር ሚስቱ ከሠርጋቸው ወዲህ አይታው እንደማታውቅ ኋላ ላይ ለጎረቤት ተናግራለች።

«ለዚህ ነው» አለ። «ለዚህ ነው በአስሩ ስንሠራ በመስመርና በመስመር መካከል ስስ ብረት አስገብተን የማናውቀው።»

አታሚው ግንባሩን መታ። በሌሎቹ ፊደሎች ሲሠራ መስመሮቹ እንዳይታፈኑ በመካከላቸው ስስ የብረት ሰቅ ይገባ ነበር። በአስሩ ግን ማንም ሰቅ አስገብቶ አያውቅም፤ መስመሮቹ ያለሱም ይተነፍሱ ነበር። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው የለም። የፊደሉ መልክ አስር ነው፣ የተቀረጸበት የእርሳስ አካል ግን አስራ ሁለት ነበር፤ አየሩ ከፊደሉ ጋር አብሮ ተወልዷል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የመልኩ ቁጥር ነበር። ክፍተቶቹ ደግሞ ከአካሉ ጋር እኩል መቆም ስላለባቸው የተቆረጡት ከአስራ ሁለቱ ነው። ለቃሚው ዕድሜውን በሙሉ ሲሶ፣ ሲሶ ሲል፣ የምን ሲሶ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀም፤ ሰውን ሁሉ የጠረጠረው ሰው ይህችን ብቻ ሳይጠረጥር አሳልፏታል።

«የአስራ ሁለት ሲሶ አራት ነው» አለች ልጅቱ። «በአስር ነጥብ ፊደል ላይ አራት ነጥብ ማለት ከሺህ አራት መቶ ነው። እኔ አራት መቶ ሰማንያ ብዬ ነበር።»

«እኔ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት» አለ አባቷ።

«ሁለታችሁም ስታችኋል» አለ አታሚው። «ልኩን ይዞ የኖረው የእኔ ግንድ ነው።»

«አሁን ያንተ ሆነ?» አለ ለቃሚው።

ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ተነስታ ነበር፤ ማንም አልጠበቃትም። ሦስቱ መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልለው ወደ ማተሚያ ቤቱ ገሰገሱ። አታሚው ከኋላ እያለከለከ፣ በማይመለከተው ጉዳይ መሮጡን እየተናገረ ተከተላቸው። ልጅቱ ግንዱን አጉልታ በኮምፒውተሩ ላይ ስትለካው ወርዱ ከአራት ነጥብ ትንሽ በለጠ። ደነገጠች። አባቷ አልደነገጠም፤ ቀለም ከማተሚያው ሥር ሲጫን ዳር ዳሩን ያብጣል፣ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ጸጉር ላጪለት አላት። ላጨችለት። አራት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ መስመር ሲሞላ ክፍተቶቹን እስከ ምን ድረስ ማጥበብና ማስፋት እንደሚችል የሚጠይቅበትን ቦታ ከፈተችለት። ሦስት ቁጥር ይፈልጋል፦ ከዚህ እንዳታንስ፣ ይህ ይሁን፣ ከዚህ እንዳትበልጥ። እስከ ዛሬ ከፋብሪካው እንደመጣ ትተውት ነበር። ለቃሚው ሦስቱን ሳጥኖች ተራ በተራ ተመለከተና ከወንበሩ ወደ ፊት ሸርተት አለ። ሩብ፣ ሲሶ፣ ግማሽ። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ፣ ስድስት መቶ። ማሽኑ የሚጠይቀው እሱ በጣቶቹ ሲመልስ የኖረውን ጥያቄ ነው። እስከዚያች ሰዓት ሌባ ነው ብሎ ሲጠብቀው የነበረው ነገር በሩን እያንኳኳ የነበረ የሙያ ባልደረባ ሆኖ ተገኘ።

ልጅቱ ቁጥሮቹን አስገብታ ጽሑፉን ለቀቀችው። አታሚው የታተመውን ገጽ ይዞ የእያንዳንዱን መስመር የመጨረሻ ቃል ጮክ ብሎ ያነባል፤ ልጅቱ ከማሳያው ላይ ትመልስለታለች። የመጀመሪያው መስመር በዚያው ቃል አለቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። አታሚው ድምፁን ከፍ እያደረገ ሄደ፤ በመጨረሻ የጨረታ አጫራች ሆነ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ቆሞ በመስታወቱ ያያቸው ጀመር። ዓምዱ እስከ ግርጌው ሲወርድ አንድ ቃል አልወደቀም፣ አንድ ቃል አልተጎተተም።  ገጹ ታትሞ ሲወጣ ለቃሚው ብርሃን ላይ ይዞት ቆየ። ነጩ በቃላቱ መካከል እኩል ሲፈስስ አየ። አውራ ጣቱ ሳያዘው ተነስቶ የወረቀቱን ጠርዝ ገፋ አደረገ።

መምህርቷ በቀጠሯቸው መጡ። ልጅቱ የድሮውን ገጽ ገልብጣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ አውጥታው ነበር፤ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትናገር። ለቃሚው ፊቱ እንዳይመሰክርበት ብሎ ወደ መንገዱ ዞሮ ቆመ። አታሚው በማይመለከተው ጉዳይ ዛሬም መጥቷል።

መምህርቷ መነጽራቸውን አጠለቁ። መጀመሪያ ከሩቅ አዩ፤ ቀጥሎ ከቅርብ። ግራውን፣ ቀኙን፣ መልሰው ግራውን። ከዚያ የቀኙን አንስተው ማንበብ ጀመሩ። ሲያነቡ ቆዩ። ፊታቸው እየተኮሳተረ ሄደ፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚያያቸው ለቃሚ ኮቱን መቆለፍ ጀመረ። መምህርቷ የጽሕፈት እርሳስ ከቦርሳቸው አወጡና በአንዱ ቃል ፍቺ ላይ ሰረዝ አድርገው ኅዳጉ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

«ይህ ፍቺ ጎደሎ ነው» አሉ። «እንዴት እንዲህ ብዬ ጻፍኩት? በአዲሱ ላይ እንደዚህ ይስተካከልልኝ።»

«የትኛው ላይ?» አለች ልጅቱ።

«እዚህ ላይ ነዋ። ያኛው የታተመ ነው፣ እሱን ምን አደርገዋለሁ?»

ልጅቱ ወደ አባቷ አየች። አባቷ ከመንገዱ ወደ ክፍሉ ዞረ።

«መምህር፣ የጻፉበት የእርሳሱ ገጽ ነው» አለ። «ድሮ እኔ የደረደርኩት። አዲሱ ግራ እጅዎ ሥር ያለው ነው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አጠለቁ። ሁለቱን ገጾች አንስተው፣ ደራርበው መስኮቱ ላይ ለጥፈው በብርሃን አዩ። መስመር በመስመር ላይ ተኛ። ብዙ ጊዜ ሰው ከተሸነፈ በኋላ የሚያደርገውን ነገር አላደረጉም፤ አልተከራከሩም። ከረቂቃቸው ላይ የታሰረበትን ገመድ ፈትተው የሁለተኛውን ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ከልጅቱ ፊት አስቀመጡ። የፊተኛው ካለበት እንደማይነቃነቅ፣ ቤታቸው የተከመረው ሁሉ ወንድሙን አግኝቶ አብሮ እንደሚወጣ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ለቃሚው ዞረው፣ «መጀመሪያውን መስመር እርስዎ ይደርድሩት» አሉ።

ለቃሚው ወንበሩን ስቦ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቁልፎቹን በአንድ ጣት እየፈለገ ለቀማቸው። ረጅሟ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ግን በአውራ ጣቱ መታት፤ በእርግጠኝነት፣ ሳያይ።

ሁለተኛው ቅጽ ታትሞ፣ ተጠርዞ በወጣ ዕለት ልጁ ሁለቱንም መጽሐፍ በወረቀት ጠቅልላ ልትሰጠው ነበር። አይጠቀለሉም አለ። በብብቱ ይዟቸው፣ አቋራጩን ትቶ፣ በዋናው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። ከመንገዱ ዳር ያለው ባለሱቅ ምን እንደያዘ ጠየቀው። ለቃሚው በዚያ ሱቅ በር ላይ ለወሬ ቆሞ አያውቅም፤ ዛሬ ቆመ። በሳሙናውና በባትሪው መካከል ቦታ አስለቀቀ። የፊተኛውን ቅጽ የመጨረሻ ገጽና የሁለተኛውን የመጀመሪያ ገጽ ጎን ለጎን ገልጦ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው።

«እስቲ በመካከላቸው ምን ይታይሃል?» አለው።

ባለሱቁ ጎንበስ አለ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፤ እንዳይታለልም ተጠንቅቆ ቀስ ብሎ አየ።

«ምንም አይታየኝም» አለ።

«እሱን ነው የምልህ!» አለ ለቃሚው፤ መጽሐፎቹንም ሰብስቦ መንገዱን ቀጠለ።